መንግሥቷን ማን ወሰደባት? ልጆች የሚጠይቁት ይህን ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰሞኑን በጋዜጣችሁ ስለ ልጆች መጻሕፍት የወጣውን አስተያየት አነበብኩት። ጸሐፊው ታሪካዊ ልቦለድ ለልጆች ሲጻፍ ፖለቲካው ቀርቶ ስሜቱ ይቅደም ይላሉ። መንግሥቷን ያጣች ልዕልት ታሪክ ከሆነማ ሐዘኗና ናፍቆቷ ይበቃል፣ ውልና አዋጅ ልጆችን ያሰለቻል ባይ ናቸው። እኔ በዚህ ጨርሶ አልስማማም።

እስቲ የሃዋይዋን ልዕልት ካዩላኒን እንውሰድ። ሃዋይ ያኔ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች፣ የራሷ ንጉሥ ያላት የደሴቶች አገር ነበረች። ለወጣት አንባቢ የሚሆን ታሪክ ለሚፈልግ ደራሲ ከእሷ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የተወለደችው በ1875 ሆኖሉሉ ውስጥ ነው። እናቷ ልዕልት ሊኬሊኬ የንጉሥ ካላካዋ እህት ናቸው፤ አባቷ ደግሞ ከኤዲንብራ የመጣ ስኮትላንዳዊ ነጋዴ። ያደገችበት ግቢ ዋይኪኪ ውስጥ ነበር፣ አይናሃው ይባላል። ጣዎሶች የሚንጎራደዱበት፣ ዋርካ የሚያህል የባንያን ዛፍ የቆመበት ግቢ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት እናቷ ሞቱባት። በአሥራ ሦስት ዓመቷ፣ በ1889፣ ለወደፊት ንግሥትነት ትማር ተብሎ ወደ እንግሊዝ ተላከች። ከዚያ አጎቷ ንጉሡ በ1891 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አረፉ፣ አክስቷ ሊሊኡኦካላኒ ዙፋኑን ያዙ፣ እሷም አልጋ ወራሽ ሆነች።

ጥር 1893 ላይ እንግሊዝ ውስጥ በኃላፊነት ይከታተሏት ለነበሩት ሰው ቴሌግራም መጣ። ይዘቱ በጣም አጭር ነው። ንግሥቲቱ ከዙፋን ወርደዋል። ዘውዳዊው አገዛዝ ተሽሯል። ለልዕልቷ ንገሯት። በቃ፣ ይኸው ነው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር።

አስተያየት ሰጪው የሚሉት ዓይነት መጽሐፍ እዚህ ጋ ሲደርስ ማልቀስ ይጀምራል። ልጅቷ መስኮት አጠገብ ቆማ ዝናቡን ታያለች፣ ጣዎሶቿን ታስባለች፣ ገጹ በእንባ ይሞላል። እንባው ውሸት ነው አላልኩም፣ አልቅሳ ይሆናል። ግን የአሥር ዓመቷን የእህቴን ልጅ ይህን ታሪክ ስነግራት የጠየቀችኝ ሌላ ነው። "ማን ወሰደባት?" አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ "ለምን ዝም አሉ?" ልዕልቷ ምን ተሰማት ብላ አልጠየቀችም፣ እሱን ራሷ ታውቀዋለች። ማንኛውም ልጅ ዕቃው ሲነጠቅ የሚሰማውን ያውቃል። ማወቅ የሚፈልገው የነጠቀውን ሰውና የነጠቀበትን መንገድ ነው።

መልሱ ደግሞ ምንም አይከብድም። ስኳር ነው። ሃዋይና አሜሪካ በ1875 በተፈራረሙት ውል መሠረት የሃዋይ ስኳር ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ ጀመር። የሸንኮራ እርሻ ባለቤቶቹ ከበሩ። ብዙዎቹ አሜሪካውያን ወይም ከአሜሪካ የመጡ ሚሲዮናውያን ልጆች ነበሩ። ገንዘቡ ሲበዛ ሥልጣንም አማራቸው፤ በ1887 ንጉሥ ካላካዋን በታጠቀ ኃይል አስፈራርተው ሥልጣናቸውን የሚነጥቅና ንብረት የሌለውን ሰው የመምረጥ መብት የሚያሳጣ ሕገ መንግሥት አስፈረሟቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ አሜሪካ የቀረጥ ሕጓን ለወጠች፣ የሃዋይ ስኳርም የነበረውን ብልጫ አጣ። ያኔ ሰዎቹ፣ ደሴቶቹ የአሜሪካ ግዛት ቢሆኑ ችግራችን ያልቃል ብለው አሰቡ። ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ አዲስ ሕገ መንግሥት አወጣለሁ ሲሉ ሰበብ ተገኘ። ጥር 16 ቀን 1893 ቦስተን ከምትባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ 162 ወታደሮች ሆኖሉሉ ላይ ወረዱ። በማግስቱ ንግሥቲቱ ደም እንዳይፈስ ብለው እጅ ሰጡ፤ እጅ የሰጡት ግን ለገልባጮቹ እንዳልሆነ፣ ለአሜሪካ ኃይል እንደሆነና የአሜሪካ መንግሥት ጉዳዩን መርምሮ ሥልጣናቸውን እስኪመልስላቸው ድረስ እንደሆነ በጽሑፍ አስፍረው ነው።

ይሄ የትኛው ነው ልጅ የሚያሰለቸው? ሸንኮራ፣ መርከብ፣ ወታደር፣ ብልጥ ንግሥት። እውነቱን ለመናገር ከመስኮቱ ዳር ልቅሶ መቶ እጥፍ ልብ ይሰቅላል።

ካዩላኒ ራሷም ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። ወደ አሜሪካ ሄደች። ኒው ዮርክ የደረሰችው መጋቢት መጀመሪያ ላይ ነው። ከእንግሊዝ ከመነሳቷ በፊት ለአሜሪካ ሕዝብ ባወጣችው መግለጫ አንድ ነገር አንስታለች፣ እኔን ሁሌም ይገርመኛል። ከአራት ዓመት በፊት እንግሊዝ ሄደሽ ተማሪ ብሎ የላካት ያኔ ሚኒስትር የነበረው ሎሪን ተርስተን ነው። አሁን ያው ሰው ዋሽንግተን ተቀምጦ ባንዲራዬንና ዙፋኔን ውሰዱ እያለ ነው አለች። ደራሲ ሆኖ ይህን የሚዘል ሰው ምን ሊጽፍ እንደተቀመጠ አይገባኝም። የጊዜው ጋዜጦች ግን ብዙ ቦታ የሰጡት ለመልኳና ለአለባበሷ ነበር። አረመኔ ልጅ ትመጣለች ብለው ሲጠብቁ የሠለጠነች ወጣት ስላዩ ተደነቁ፣ ጥያቄዋን ግን ብዙም አልሰሙትም። የዛሬ ደራሲም ሦስት ገጽ ስለ ቀሚሷ ጽፎ ጥያቄዋን በአንድ መስመር ካለፈው ያንኑ ነው የደገመው።

እዚህ ላይ ደግሞ ትልቅ ወጥመድ አለ። ካዩላኒ ከፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ ጋር ዋይት ሃውስ ውስጥ ተገናኝታለች። ለልቦለድ የተሠራ ትዕይንት ይመስላል፦ ልጅቷ ትናገራለች፣ የፕሬዚዳንቱ ልብ ይነካል፣ ውሉን ይሰርዛል። ቀኑን ተመልከቱ ግን። ክሊቭላንድ ደሴቶቹን ለመጠቅለል የቀረበውን ውል ከሴኔቱ የሳበው መጋቢት 9 ነው። እሷን ያገኛት መጋቢት 13። ስለዚህ በእንባዋ አሸነፈች ብሎ የሚጽፍ ሰው ለልጆች ውሸት እየነገረ ነው፤ ውሸቱ ደግሞ ጉዳት አለው፣ መንግሥት የሚመለሰው ቆንጆ ልጅ ስታለቅስ ነው ብለው እንዲያድጉ ያደርጋል።

እኔን ከምንም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። መንግሥቱ የእሷ ብቻ አልነበረም። "መንግሥቷን ያጣች ልዕልት" ሲባል አንድ ሰው አንድ ዕቃ የጠፋበት ይመስላል። የአገሩ ሰው የት ሄደ? በ1897 አዲሱ ፕሬዚዳንት ማኪንሊ የመጠቅለያ ውሉን እንደገና ሲያመጣ የሃዋይ ሰዎች ደሴት ለደሴት ዞረው የተቃውሞ ፊርማ አሰባሰቡ። ወንዶች በወንዶች ማኅበር፣ ሴቶች በሴቶች ማኅበር። ያን ጊዜ የደሴቶቹ ተወላጆች 40,000 ገደማ ነበሩ፤ ከ21,000 በላይ ሰው ፈረመ። ኤማ ናዋሂ የምትባል ሴት ሂሎ ከተማ ላይ ሴቶችን ሰብስባ ስታነጋግርና ስታስፈርም ነበር። አራት መልእክተኞች ወረቀቱን ይዘው ዋሽንግተን ገቡ፣ ውሉም በሴኔቱ የሚያስፈልገውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሳያገኝ ቀረ። ይህን ያደረጉት ስማቸው በመጽሐፍ የማይጠራ ዓሣ አጥማጆች፣ ገበሬዎችና እናቶች ናቸው።

ስለዚህ ለደራሲዎቻችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ተራኪዋ የግድ ልዕልቷ መሆን የለባትም። ሂሎ የምትኖር አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አስቡ። በ1896 በወጣው ሕግ ምክንያት ትምህርት ቤቷ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚያስተምራት፣ ቤቷ ግን በሃዋይኛ ነው የሚወራው። እናቷ ስብሰባ ይዛት ትሄዳለች። ጠረጴዛ ላይ ሰፋ ያለ ወረቀት ተዘርግቷል፣ በሃዋይኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል፣ ሴቶቹ ተራ በተራ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን ያሰፍራሉ። ልጅቷ እናቷ ስሟን ስትጽፍ ታያለች፣ ብዕሩ ጫፉ ላይ ቀለም አንጠባጥቦ አንዱን ፊደል ሲያበላሽባት እናትየዋ ደግማ ጥርት አድርጋ ትጽፈዋለች። ልጅቷን ፈጥሬያታለሁ፣ ወረቀቱ ግን አለ። ዛሬም የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ተቀምጧል። ካዩላኒ በ1897 ኅዳር ላይ ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ አገሯ ስትመለስ ይህች ልጅ በሩቁ ልታያት ትችላለች። ያኔ ልዕልቷም በእሷ ዓይን ሰው ትሆናለች።

መጨረሻውን በተመለከተም መሸሽ አያስፈልግም። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አላገኝ ያለው ውል በ1898፣ ከስፔን ጋር ጦርነት በተጀመረበት ግርግር፣ ተራ አብላጫ ድምፅ በሚበቃው የምክር ቤቶች የጋራ ውሳኔ አለፈ። ነሐሴ 12 ቀን የሃዋይ ባንዲራ ከኢዮላኒ ቤተ መንግሥት ወርዶ የአሜሪካ ተሰቀለ። ንግሥቲቱም ልዕልቷም በሥነ ሥርዓቱ አልተገኙም። ካዩላኒ ከዚያ ብዙም አልቆየች። ዝናብ ውስጥ ፈረስ ስትጋልብ ቆይታ ታመመች፣ መጋቢት 6 ቀን 1899 በሃያ ሦስት ዓመቷ ሞተች። ልጆች ይህን መስማት ይችላሉ። አጠገባቸው ሰው ሲሞት ያያሉ እኮ፣ መስማት የማይችሉት እኛ አፍረን የምንደብቃቸውን ነገር ነው። ደግሞም ታሪኩ እዚያ ላይ አይቆምም፤ በ1993፣ ልክ በመቶኛው ዓመት፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ለግልበጣው በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ባንዲራው ከወረደ ከመቶ ዓመት በኋላም የሚከራከር ሕዝብ አለ።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የልዑል ዓለማየሁን ታሪክ ለልጆቻችን የምንነግረው እንዴት ነው? በሰባት ዓመቱ ከመቅደላ ተወስዶ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ በ1879 እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ፣ አሳዛኝ ልጅ። አዎ፣ ያሳዝናል። ግን የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ድረስ ለምን መጣ፣ ምን ምን ዘርፎ ሄደ፣ አስከሬኑን መልሱልን ሲባል ለምን እንቢ ተባለ የሚለውን ካልጨመርን ልጆቹ የሚይዙት አንድ ብቸኛ ሕፃን ብቻ ነው።

ለደራሲዎች አንድ የመጨረሻ ልመና። ብዙዎች ይህን ዓይነት ታሪክ በማስታወሻ ደብተር መልክ መጻፍ ይወዳሉ፣ ልዕልቷ ራሷ የጻፈችው አስመስለው። መልኩ ደስ ይላል፣ ልጆችን ቶሎ ያስገባል። ነገር ግን ልጅ ያመነውን አይረሳም። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ሁለት ገጽ ይጨመር፦ ይህ ንግግር የእሷ ነው፣ ይህ የኔ ፈጠራ ነው፣ ይህች ጓደኛ አልነበረችም፣ ይህ ቴሌግራም እውነት መጥቷል። በቀላል አማርኛ፣ ልጁ ራሱ እንዲያነበው።

ጋዜጣችሁ የልጆች ገጽ ካለው በተከታታይ የሚወጣ እንዲህ ያለ ታሪክ አስጽፉበት። የሚያሰለቻቸው መሆን አለመሆኑን ልጆቹ ይጻፉላችሁ፣ ደብዳቤያቸውንም አትሙት።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የዘወትር አንባቢ