የፍሎራይድ ማጣሪያው ሲሞላ ማን ይቀይርልን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ መጠጥ ውሃ በየጊዜው ትፅፋላችሁ፣ ደስ ይለኛል፣ ግን ወሬው ሁሌ ስለ ጀርም ነው። እኛ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለነው፣ ከወንጂ ጀምሮ መቂ፣ ባቱ እያልክ እስከ ሀዋሳ ዙሪያ ድረስ፣ ትልቁ ጣጣችን ፍሎራይድ ነው፣ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ እየሟሟ ጉድጓድ ውሃ ውስጥ የሚገባው። ውሃው ኩልል ያለ ነው፣ አይሸትም፣ ማንም አይጠረጥረውም። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይብለጥ ይላል፣ እዚህ ግን ከዛ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉድጓድ አለ። ልጆቻችን ጥርሳቸው በልዞ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ነው የሚስቁት። ሲቆይ ደግሞ አጥንት ውስጥ ገብቶ ጀርባና መገጣጠሚያ ያደርቃል፣ ወንጂ ላይ ለብዙ ዓመት የጉድጓድ ውሃ በጠጡ ሰራተኞች ላይ ሀኪሞች መዝግበውታል።

ማፍላት አይጠቅምም፣ እንደውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ በቀረው ላይ ይበረታል። ውሃ አጋርም ጀርም ይገላል እንጂ ይሄን አይነካውም። ይሄን የማያውቅ ቤተሰብ ዛሬም ብዙ ነው።

ለየቤቱ የሚሆነው ማጣሪያ የአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት ብዙ አየር ሳይገባው ይከሰልና ተፈጭቶ ባልዲ ውስጥ ይሞላል፣ ውሃው ቀስ ብሎ ሲያልፍበት ፍሎራይዱ ከሰሉ ላይ ተይዞ ይቀራል። ጥርሳችን ውስጥ የሚገባበትም ምክንያት ይሄው ነው፣ የጥርስና የአጥንት ማዕድን አንድ አይነት ስለሆነ እዛ ከመያዙ በፊት ባልዲው ውስጥ እንዲያዝ ማድረግ ነው። አከሳሰሉ ግን ሙያ ይፈልጋል፣ በደንብ ካልከሰለ ውሃው ይሸታል ቀለምም ያመጣል፣ ከመጠን በላይ ተቃጥሎ ከነጣ ደግሞ የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። ሰዉ የምን አጥንት ነው፣ በፆም ይጠጣል ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ መጠየቁም ልክ ነው፣ ቁጭ ብሎ ማስረዳት የአዳዩ ስራ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዛ በኋላ ያለው ነው። ከሰሉ የሚይዝበት ቦታ ያልቃል፣ ይሞላል። ሲሞላ ጣዕሙም መልኩም ስለማይቀየር እናት ተጣርቷል ብላ ለልጇ የምትቀዳው ውሃ ካልተጣራው ያልተለየ ሊሆን ይችላል፣ በምርመራ ካልሆነ በምን ታውቃለች? ወንጂ ድሮ የተተከለው ዓይነት የአሉሚና (ፍሎራይድ የሚይዝ የአሉሚኒየም ውህድ) ማጣሪያም ይሞላል፣ ግን እሱ በኮስቲክ ሶዳ ታጥቦ እንደገና ይሰራል፣ የሚያጥበው ባለሙያ ይመደብለታል። የቤት ባልዲ ግን የማንም አይደለም፣ ፎቶ ተነስቶ ርክክብ ተደርጎ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሰዎቹ ይሄዳሉ፣ ባልዲው ይቀራል።

ስለዚህ ጋዜጠኞቻችሁን የምለምነው፣ ማጣሪያ ታደለ የሚል ዜና ስትሰሩ ማን ይመረምረዋል፣ ከሰሉን ማን በስንት ብር ይቀይራል፣ አሮጌውስ የት ይጣላል ብላችሁ ጠይቁልን። በየቦኖውም የፍሎራይዱ ልክ በቁጥር ይለጠፍ፣ ሰው የሚጠጣውን ማወቅ መብቱ ነው። ውሃ ቢሮዎችም ማጣሪያ ሲያስገቡ የመቀየሪያውን በጀት አብረው ይያዙ። የተጣራው ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ቅድሚያ ቋሚ ጥርሳቸው ገና እየተሰራ ላለ ህፃናት ይሁን፣ ለመጠጥም ለሚበስልላቸውም ምግብ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በንፁህ በርሜል እያጠራቀሙ እያከሙ ማጠጣት ይቻላል፣ ዝናብ ውሃ ላይ የኛ ጉድጓድ ያለበት ፍሎራይድ የለበትም።

ከመቂ፣ የሶስት ልጆች አባት