በር ጠባቂ በትከሻው ስፋት ብቻ አይቀጠር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጎንደር ፒያሳ በሚገኝ አንድ አዝማሪ ቤት በር ላይ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ስቀጠር የተጠየቅሁት ተያዥ እንዳለኝና ሌሊት መሥራት እንደምችል ብቻ ነበር፤ ለቀረው ቁመቴና ትከሻዬ መልስ ሰጡ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በጭፈራ ቤትም ሆነ በአዝማሪ ቤት በር ላይ የሚቆም ሰው ሳይሠለጥን፣ ሳይመዘንና በስሙ የብቃት ማረጋገጫ ሳይሰጠው ለሥራው መሰማራት እንደሌለበት ከራሴ ስሕተት ስለተማርሁ ነው።

ብዙ ሰው የእኛን ሥራ የጉልበት ሥራ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ነገር ግን በአዝማሪ ቤት ጠብ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከቡጢ ሳይሆን ከስንኝ ነው፤ አንዱ እንግዳ «ተቀበል» ብሎ የሰጠውን ግጥም አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ሲደግመው፣ አጠገቡ ያለው ሰው ወርቁን ወደ ራሱ ይተረጉምና ሳቁ በድንገት ይቋረጣል። ጆሮው ከቤቱ ያልራቀ በር ጠባቂ በዚያች ዝምታ ይነሣል፤ ከሰውየው ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎኑ ቆሞ፣ መዳፉን ገልጦ፣ በዕድሜ ለሚበልጠው «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ላነጋግርዎት» ብሎ ከጓደኞቹ ዓይን ያርቀዋል፤ በሰው ፊት የተዋረደ ሰካራም ወደ ኋላ አይመለስምና። ይህን ያስተማረኝ የለም፤ ሁለት ጥርስ ከፍዬ ነው የተማርሁት።

በሦስተኛው ዓመት የሆነው ግን በጥርስ የሚከፈል አልነበረም። አንድ የሰከረ ወጣት ከባልደረባዬ ጋር ጎትተን አወጣንና በደረቱ አስተኝተን እጁን ወደ ኋላ ጠመዘዝን፤ እኔም ጉልበቴን ጀርባው ላይ አሳረፍሁ። መታገሉን ሲተው ተረጋጋ ብዬ አሰብሁ። የጤና ተማሪ የሆነች አንዲት እንግዳ እየጮኸች ገፍትራኝ በጎኑ አዞረችው፤ ልጁ ተረጋግቶ ሳይሆን ትንፋሽ አጥሮት ነበር። በደረቱ የተኛ ሰው ጀርባው ላይ ክብደት ሲጫንበት ደረቱ እንደማይሰፋለት፣ አየር ፍለጋ ሲፍጨረጨርም ጠባቂው እንቢተኝነት መስሎት ይበልጥ እንደሚጫነው፣ መጠጥና ትውከት ሲታከልበት ደግሞ ለሞት ሊዳርገው እንደሚችል የሰማሁት በዚያ ሌሊት ነው። ልጁ ተነሥቶ ሄደ፤ መትረፉ ግን የእኔ ብልኃት አልነበረም።

በብሪታንያ ይህ ሥራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 በወጣ ሕግ ይተዳደራል። ፈቃድ የሚፈልግ ሰው 18 ዓመት የሞላው መሆን፣ የወንጀል መዝገቡ መመርመር፣ የመጀመሪያ ርዳታ መማር፣ እንዲሁም ግጭት ማብረድንና ሰውን ሳይጎዱ መያዝን ያካተተ ሥልጠና ማለፍ አለበት። ፈቃዱ ለ3 ዓመት ያገለግላል፤ ያለ እርሱ መሥራት ወንጀል ነው። ሥርዓቱን እንዳለ እንቅዳ አልልም፤ ልቤን የሳበው ፈቃዱ የሰውየው እንጂ የቤቱ አለመሆኑ ነው። በእኛ ከተማ እንግዳ ደብድቦ የተባረረ ጠባቂ በሳምንቱ ሌላ በር ላይ ቆሞ አይቻለሁ።

ለሥልጠናው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት አጭር ሥልጠና ሊያዘጋጁ፣ ሠልጣኙም ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ሊፈተን ይችላል፤ የመጀመሪያ ርዳታውን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና መምህራን፣ ሕጉን ደግሞ ፖሊስ ቢያስተምር ጥሩ ነው። ጠባቂው እጅ ከፍንጅ የያዘውን ሰው ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ እንጂ መቅጣት ሥልጣኑ እንዳልሆነ፣ ሴትን ሴት እንድትፈትሽ፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል ስለማይሸጥ መታወቂያ መጠየቅ ድፍረት እንዳልሆነ ማወቅ ይኖርበታል። ቤቱ ከሚችለው በላይ ሰው እንዳይገባበት መቁጠርም የበሩ ሥራ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰው የሞተባት ከተማ ለዚህ ሌላ ምሳሌ አትሻም።

ባለቤቶች ወጪውን እንደሚያነሡ አውቃለሁ። ክፍያው ግን ከእነርሱ እንጂ በጉርሻ ከሚኖረው ጠባቂ ኪስ መውጣት የለበትም። የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ሲታደስ የጠባቂዎቹ ማረጋገጫ አብሮ ቢጠየቅ ጉዳዩ አዲስ መሥሪያ ቤት ሳያሻው ይጀመራል፤ ለነባሮቹ፣ ብዙዎቹ ቤተሰብ አስተዳዳሪ ናቸውና፣ እየሠሩ የሚማሩበት የአንድ ዓመት ጊዜ ይሰጣቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ በር ጠባቂ፣ ከጎንደር