ለሐዋሳው ወዳጄ፦ ያንን አሮጌ ፕሮግራም ስታስነሳ

አዳማ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤ ከነቤተሰብህ ለጤናህ እንደምን ከረምክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴ ጥፋት ነውና ይቅር በለኝ፤ በጣም ናፍቀኸኛል። የቤተ መጻሕፍቱን የድሮ ፒኤችፒ (የድረ ገጽ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ፕሮግራም ልታስነሳ መሆኑን ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

አደራህን፣ ኮዱን ሳትነካ ከዳታቤዙ ጀምር። ኮድ እንደገና ይጻፋል፤ በሰው እጅ አንድ በአንድ የገባ የአማርኛ መዝገብ ግን ከተበላሸ የሚመልሰው የለም።

ያ ፕሮግራም በተጻፈበት ጊዜ ማይኤስኪውኤል (መዝገቡን የሚይዘው የዳታቤዝ ፕሮግራም) ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሚጠቀመው ላቲን-1ን፣ ማለትም አንዱን ፊደል በአንድ ባይት የሚያስቀምጠውን የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ኮድ ነበር፤ ይህ የተቀየረው በስምንተኛው ቅጂ ነው። ስለዚህ ገጹ ዩቲኤፍ-8 (የዓለምን ፊደላት ሁሉ የሚይዘው ኮድ)፣ ሰንጠረዡ ላቲን-1 ሆኖ ዓመታት ይሠራል። ባይቱ እንደገባ ስለሚወጣ ማንም አይነቃበትም። ጉዱ የሚወጣው ወደ አዲስ ሰርቨር ሲዛወር ነው።

እንዲህ አድርገህ መርምረው። «ሰላም» የሚል ቃል ፈልግና ርዝመቱን በባይትም በፊደልም ጠይቅ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይወስዳል። 9 ባይትና 3 ፊደል ካለህ ጤነኛ ነው። 9 ባይትና 9 ፊደል ካለህ ሰንጠረዡ ላቲን-1 ነው፣ ጽሑፉ ግን አልተነካም። 19 ባይት ካየህ ከአንተ በፊት የቀየረው ሰው አለ፤ ፊደሉ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል።

ለሁለተኛው ዓይነት፣ ባክአፕ ይዘህ ዓምዱን መጀመሪያ ወደ ብሎብ፣ ከዚያ ወደ ዩቲኤፍ-8 ኤምቢ-4 (የማይኤስኪውኤል ሙሉው ዩቲኤፍ-8) ለውጠው። ብሎብ ጥሬ ባይት ስለሆነ በመሃል ምንም አይቀየርም። በቀጥታ ካዘዝከው ግን ያንን 19 ባይት የምትፈጥረው አንተው ነህ። ሦስተኛው ዓይነት ከገጠመህ መጀመሪያ ወደ ላቲን-1 መልሰው፣ ቀጥሎ ያው የብሎብ መንገድ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። የርዕሱ ዓምድ ቫርቻር 50 ከሆነ፣ ማለትም በላቲን-1 ከ50 ባይት በላይ የማይዝ ከሆነ፣ ሙሉ ሆኖ የያዘው 16 የአማርኛ ፊደል ብቻ ነው፤ ረዘም ካለ ርዕስ የ17ኛው ፊደል 2 ባይት ብቻ ገብቶ ሦስተኛው ተቆርጧል። ቅየራው እዚያ ጉማጅ ላይ ሲደርስ በስሕተት ይቆማል። ብሎብ ሳለ ጫፉን አጽዳው።

ወደ ኮዱ ስትመጣ፣ የድሮዎቹ የማይኤስኪውኤል ፈንክሽኖች ከፒኤችፒ 7 (እ.ኤ.አ. 2015) ወዲህ የሉም፤ ወደ ፒዲኦ (የፒኤችፒ አዲሱ የዳታቤዝ መገናኛ) አዙራቸው። ቻርሴቱን (የፊደሉን ኮድ ዓይነት) ከዳታቤዙ ጋር ባለው ግንኙነት ላይ ጻፍ፤ ግንኙነቱ በላቲን-1 ከቀረ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል። ጽሑፍ የሚያሳጥረውን ሰብስትርንም በኤምቢ-ሰብስትር ተካ፤ ያኛው ባይት እንጂ ፊደል አይቆጥርም።

ስማርቲን (የገጹን ቅርጽ የያዙትን ቴምፕሌቶች የሚያሠራውን የፒኤችፒ መሣሪያ) ጣለው የሚሉህን አትስማ። ገጹን ከሥራው ኮድ ለይቶ ያቆየልህ እሱ ነው፤ ዛሬም አምስተኛ ቅጂው ወጥቷል። የተጠናቀሩት ቴምፕሌቶች ያሉበትን ፎልደር ባዶ አድርገህ ለሰርቨሩ የመጻፍ ፈቃድ ስጠው፤ አለዚያ ገጹ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለ ጠምዛዛ ቅንፍ ክፍት ቦታ ካልተከተለው ስማርቲ የራሱ ትእዛዝ ይመስለዋል፤ በሊተራል (እንዳለ ተወው በሚለው የስማርቲ ምልክት) ክበበው። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ስማርቲ ካላዘዝከው በቀር ከተጠቃሚ የመጣን ጽሑፍ ሳያጣራ ያወጣል፤ ኤስኬፕ-ኤችቲኤምኤልን (ያ ጽሑፍ ገጹ ላይ እንደ ኮድ እንዳይሠራ የሚያደርገውን ማዘዣ) ሳታበራ ለሕዝብ አትክፈተው።

የዚያችን «ሰላም» ርዝመት ስታገኝ ወዲያው ጻፍልኝ። ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

የማይረሳህ ወንድምህ