ቁመቷን የለካ አልነበረም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ መቀንጨር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 37 በመቶው ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው መገኘታቸው እንቅልፍ የሚነሳ ነው፤ ይህን አልከራከርም። ቅሬታዬ ጽሑፉ አጭር ልጅ ሁሉ ምግብ ያነሰው ልጅ ነው የሚል ስሜት ጥሎ በማለፉ ነው። እኔን ሦስት ዓመት ያስከፈለኝ ይኸው ግምት ነው።

ልጄ እስከ ስድስት ዓመቷ ከእኩዮቿ አታንስም ነበር። ከዚያ ቁመቷ ባለበት ቀረ። ክብደቷ ስለሚጨምር ጎረቤት «ደልደል ብላለች፣ ተመስገን» ይላል። ሰው ሁሉ ፀሐይ ሲሸሽ እሷ ሹራቧን አታወልቅም፤ ሆዷ ይደርቃል፤ ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች። በሄድንበት ጤና ተቋም ሁሉ ሚዛን ላይ ትወጣለች፣ ቫይታሚን ይታዘዝላታል፣ «አባትየውም ረጅም አይደሉ» እንባላለን። መምህሯ ሰነፍ አሏት፣ ልጆቹ ድንክ አሏት፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። ተረቱ ምን ያህል ቦታውን እንደመታ የገባኝ በኋላ ነው።

በመጨረሻ የሕፃናት የሆርሞን ሐኪም ዘንድ ደረስን። ሐኪሟ ገና መሣሪያ ሳያነሱ «አምና ለእንቁጣጣሽ የገዛችሁላት ቀሚስ ዘንድሮ አጠራት?» ብለው ጠየቁን። እኔና ባለቤቴ ተያየን። ታናሽ እኅቷ ያንን ቀሚስ ተራዬ ደረሰ እያለች ሁለት ዓመት ጠብቃለች።

ከዚያ ጫማዋን አስወለቁ፤ አናቷ ላይ የተቋጠረውን ሹሩባ ሳይቀር አስፈቱ። ተረከዟን ከግድግዳው አስጠግተው ደጋግመው ለኩ። ሲወለድ 50 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት 25 ያህል ይጨምራል፤ ከአራት ዓመት ጀምሮ እስከ ጉርምስና ግን በየዓመቱ አምስት ወይም ስድስት ነው። አንድ ልኬት ቁመትን ይነግራል፤ እድገትን ለማወቅ ሁለተኛ ልኬት ያስፈልጋል። የእኛ ካርድ ላይ የነበረው የኪሎ ቁጥር ብቻ ነው።

የግራ እጇ ራጅ ሲታይ የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ አጥንት የስድስት ዓመት ልጅ አጥንት ይመስል ነበር። የደም ምርመራው አንገቷ ውስጥ ያለው፣ ለእድገት የሚያስፈልገውን ሆርሞን የሚያመነጨው የታይሮይድ ዕጢዋ መድከሙን አረጋገጠ። እኔ የማውቀው አንገት ላይ የሚወጣውን እንቅርት ነው፤ ዕጢው ሳያብጥም ሥራውን ሊያቆም እንደሚችል ማን ነገረኝ? መድኃኒቷ በየጠዋቱ በባዶ ሆድ የምትዋጥ አንዲት ትንሽ ክኒን ናት። በመጀመሪያው ዓመት 9 ሳንቲሜትር ጨመረች።

እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ አብረውን ከሚጠብቁት መካከል የእኛ ዕጣ ቀላሉ ነበር። የእድገት ሆርሞን የጎደለው ልጅ ለዓመታት በየምሽቱ መርፌ ይወጋል፤ መድኃኒቱ ውድ ነው፣ ማቀዝቀዣም ይፈልጋል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የእነዚያ ወላጆች ልብ ምን እንደሚሆን አስቡት። ተርነር ሲንድረም ያለባቸው፣ ከሁለቱ ኤክስ ክሮሞዞሞች አንዱ የጎደላቸው ወይም የተጓደለባቸው ልጃገረዶችም አሉ። ብዙ ጊዜ የሚታወቅላቸው የወር አበባ ሲዘገይ ነው፤ ያኔ ቁመት ለመጨመር የቀረው ጊዜ ትንሽ ነው። ታይሮይዱ ከልደት ጀምሮ የማይሠራ ሕፃንማ መድኃኒቱ ከዘገየበት የሚጎዳው አእምሮው ነው። በካናዳ ኩቤክ ግዛት ከተረከዝ በሚወሰድ ጥቂት ጠብታ ደም አራስ ሕፃናትን ለዚህ መመርመር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። እኛ ዘንድ እስከ ዛሬ በየማዋለጃው መደበኛ አገልግሎት አልሆነም።

ይህ ገንዘብና ዕቅድ ይጠይቃል፤ ይገባኛል። ሜትርና ግድግዳ ግን በየትምህርት ቤቱ አለ። መስከረም ላይ ተማሪ ሲመዘገብ ቁመቱ ተለክቶ ቢጻፍ፣ በቀጣዩ መስከረምም ቢደገም፣ አምስት ሳንቲሜትር ያልሞላለት ልጅ ወላጅ ቢጠራ፣ ወጪው እስክርቢቶ ነው። ሹሩባውን ግን አስፈቱ፤ የልጄን ቁመት አንድ ጊዜ ሁለት ሳንቲሜትር ያስረዘመው እሱ ነበር።

የአራተኛ ክፍል ተማሪ አባት
ከደሴ