ፑኧር ሻያችሁ አልተበላሸም

ውድ ደንበኞቻችን፣

በዚህ ወር ሦስት ሰዎች የገዙትን፣ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎ የደረቀ ፑኧር ሻይ መልሰው አመጡልን። ሁለቱ ከጀርባው ጎድጉዷል፣ ተሰብሯል አሉን። አንዷ ደግሞ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ ጊዜው አልፎበታል አለችን። ስንሸጥላችሁ ማስረዳት ነበረብን፤ ይቅርታ።

ፑኧር የሚመጣው ከደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ ከዩናን ነው። ትልልቅ ቅጠል ካለው የሻይ ዛፍ ይለቀማል፣ በጋለ ብረት ምጣድ ይታመሳል፣ ይታሻል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከዚያ በእንፋሎት ይለሰልስና በጨርቅ ከረጢት ተቋጥሮ በከባድ ድንጋይ ይጫናል፤ በድሮው አሠራር ሠራተኛው ራሱ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ነው የሚጫነው። ከጀርባው ያለው ጉድጓድ የጨርቁ ቋጠሮ ያረፈበት ነው። ስብራት አይደለም።

ለምን ይጫናል? ሲራራ ነጋዴዎች በበቅሎና በፈረስ ተራራ እያቋረጡ እስከ ቲቤት ይወስዱት ስለነበር ነው። ልቅ ቅጠል ቦታ ይፈጃል፣ በመንገድም ይደቃል። ክቡን ቻይናዎች ቢንግ ይሉታል፣ ቂጣ እንደማለት ነው። አንዱ ቂጣ በተለምዶ 357 ግራም ነው። ሰባቱ ተደራርበው በቀርከሃ ቅርፊት ሲጠቀለሉ 2.5 ኪሎ ይሆናሉ፤ አሥራ ሁለት ጥቅል ደግሞ 30 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ጡብ የሚመስለው ዥዋን ነው። ቱዎ ውስጡ ባዶ ሆኖ የተደፋ ስኒ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ 100 ግራም ነው። ለቲቤት ገበያ የሚሠራ እንጉዳይ የሚመስል ባለ እግርም አለ፤ እኛ ከሁሉም እሱን እንወዳለን፣ ግን እምብዛም አናገኘውም።

ጊዜው አልፎበታል ላላችሁት፦ ፑኧር ሁለት ዓይነት ነው። ጥሬው ሼንግ ይባላል። በደንብ ከተቀመጠ ከዓመት ዓመት እየለሰለሰ፣ ምሬቱም እየቀነሰ ይሄዳል። ሹ የሚባለው ጥቁሩ ግን እስኪያረጅ አይጠበቅም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዩናን ዋና ከተማ በኩንሚንግ ውስጥ በተስፋፋ ዘዴ ቅጠሉ ተከምሮ ውሃ ይረጭበታል፣ ተሸፍኖ በራሱ ሙቀት ለሳምንታት ይብላላል። ሹ ዝናብ እንደነካው አፈር የሚሸተው ለዚህ ነው። ፀጉራም ሻጋታ ካያችሁበት ግን እንዳትጠጡት፣ አምጡልን።

በመዶሻ አትምቱት፣ እባካችሁ። ቅጠሉ ይደቃል፣ ሻዩም ይመራል። ወስፌ ካላችሁ ከጎኑ ሰካ አድርጉና ቀስ ብላችሁ በንብርብሩ ፈልቅቁት። ለትንሽ ማንቆርቆሪያ 5 ግራም ይበቃል። የፈላ ውሃ ጨምሩበትና የመጀመሪያውን ወዲያው ድፉት። ቀጥሎ አሥር፣ ሃያ ሰከንድ ቆይታችሁ ቅዱ። ያንኑ ቅጠል ደጋግማችሁ ልትጠጡበት ትችላላችሁ፣ ጣዕሙም በየዙሩ ይለያያል።

አቀማመጡ ላይ አደራ። ይህ ሻይ ሽታ ይስባል፤ ከበርበሬ፣ ከተቆላ ቡና፣ ከዕጣን አርቁት። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት፣ ላስቲክም አያስፈልገውም፤ በራሱ ወረቀት ጠቅልላችሁ ፀሐይና እርጥበት የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አኑሩት።

ሻያችሁን የመለሳችሁ ሦስታችሁም፣ ቂጣችሁ ስማችሁ ተጽፎበት ተቀምጧል። ብቅ በሉና አንዱን አብረን ፈልቅቀን እንቅመስ። ካልጣማችሁ ገንዘባችሁን እንመልሳለን።