ጉዳዩ፦ በማከፋፈያዎቻችን የተተከሉት የድምፅ ሰርቨሮች አገልግሎት ስላለመስጠታቸው የቀረበ ቅሬታ

የስልክ ሥርዓታችንን ላቀረበውና ለገጠመው ድርጅት
ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ድርጅታችን መድኃኒት አስመጪ ሲሆን በሐዋሳ፣ በባሕር ዳርና በድሬዳዋ ማከፋፈያዎች አሉት። ከእናንተ ጋር የተዋዋልነው በየማከፋፈያው የራሱ የድምፅ ሰርቨር፣ ማለትም የስልክ ጥሪዎችንና የድምፅ መልእክቶችን የሚያስተናግድ ኮምፒውተር፣ እንዲተከል ነው። ይህም ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኘው መስመር ቢቋረጥ እንኳ ጥሪ መቀበሉም ሆነ የድምፅ መልእክት መቅዳቱ በዚያው እንዲቀጥል ነበር። ለሦስቱ ሰርቨሮች ተጨማሪ ገንዘብ የከፈልነው ለሌላ ጉዳይ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት በመንገድ ሥራ ምክንያት ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኘው የፋይበር መስመር ሲቆረጥ የሐዋሳው ማከፋፈያ ጨርሶ ዲዳ ሆነ። ከከተማዋ ሆስፒታሎች የሚደወለውን የሚቀበል ጠፋ። የሽያጭ ሠራተኛዋ ከግድግዳው ማዶ ወዳለው መጋዘን በውስጥ ስልክ ስትደውል እንኳ ጥሪው አልገባም። ኢንሱሊን የፈለገ ሆስፒታል መልስ ያገኘው በሠራተኞቻችን የግል ሞባይል ነው። ሰርቨሩ ግን በዚያ ሁሉ ሰዓት መብራቱ እየበራ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ነበር።

የእኛ ባለሙያ የማስተዳደሪያ ገጹን ሲመረምር ምክንያቱን አገኘው። የሐዋሳ ሠራተኞች የመልእክት ሣጥኖች በሙሉ የተመደቡት በዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ነው፤ ስልኮቹም የሚመዘገቡት እዚያው ስለሆነ መስመሩ ሲቋረጥ ጥሪያቸውን የሚያገናኝ የለም። የባሕር ዳርና የድሬዳዋም እንዲሁ ሆነው ተገኝተዋል። ጉዳቱ መስመሩ ሲቋረጥ ብቻ የሚታይ አይደለም። ሐዋሳ ላሉ ሠራተኞች የሚተወው መልእክት ሁሉ አዲስ አበባ ደርሶ ይቀዳል፤ ለማድመጥም ከዚያው ይመጣል። ጂ 711 በሚባለው ድምፅን ለማስተላለፍ የሚያገለግል አሠራር አንድ ጥሪ በሴኮንድ 80 ኪሎ ቢት ገደማ ስለሚወስድ፣ ጥሪ በሚበዛበት ሰዓት የክምችት መመዝገቢያችን የሚጠቀምበትን መስመር ይሻማል።

በርክክቡ ዕለት የመገናኛው ገመድ ተነቅሎ ይሞከር ብለን ጠይቀን ነበር። ቴክኒሻናችሁ «አያስፈልግም» ብሎ አለፈው። መስመር ለሚቋረጥበት ቀን የተገዛን ዕቃ መስመሩ ሳይቋረጥ ሞክሮ ማስረከብ በእኛ እምነት ሥራውን ሳይጨርሱ መሄድ ነው።

ስለዚህ የመልእክት ሣጥኖቹና የስልኮቹ ምዝገባ ወደየማከፋፈያው ሰርቨር እንዲዛወሩ፣ ለደዋዮች በራሱ የሚመልሰው የጥሪ ተቀባይ የተቀዳ ድምፅም በየቦታው እንዲጫን፣ ከዚያም ባለሙያችን ባለበት በሦስቱም ከተሞች ገመዱ ተነቅሎ እንዲፈተሽ እንጠይቃለን። ሥራውን የምትጀምሩበትን ቀን በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ አሳውቁን። ፍተሻው እስኪጠናቀቅ ድረስ የመጨረሻውን ክፍያ የማንፈጽም መሆኑን እንገልጻለን።

ከሰላምታ ጋር
የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለፋይናንስ ክፍል
ለሕግ ክፍል