የሂቢስከስ አበባ በማግስቱ ለምን ይረግፋል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ሂቢስከስ ከእኛ የወሰዳችሁ ብዙዎቻችሁ «አበባው በማግስቱ ረገፈ፣ ችግኙ ታሟል እንዴ?» እያላችሁ ትደውላላችሁ። እስከነፕላስቲኩ ተሸክማችሁ የመጣችሁም አላችሁ። ለሁላችሁም አንድ ላይ እንመልስ ብለን ነው።

አልታመመም። የአብዛኛው ሂቢስከስ አበባ ዕድሜው አንድ ቀን ነው። ጠዋት ይፈካል፣ ማታ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ይወድቃል። የአበባ ቅጠላቸው ድርብርብ ከሆኑት አንዳንዶቹ ሁለት ቀን ይቆዩ ይሆናል። ስለዚህ የረገፈውን ትታችሁ ተረኛውን እንቡጥ እዩ። እንቡጥ ካለ ተክሉ ሰላም ነው።

የሚያሳስበው እንቡጡ ሳይፈካ ሲወድቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው የውኃ ነው፤ ለቀናት ተረስቶ አፈሩ ክው ካለ በኋላ በአንዴ ባልዲ ሙሉ ይደፋበታል። ውኃውን ካስተካከላችሁም በኋላ መውደቁ ካልቆመ፣ የወደቀውን እንቡጥ በጥፍራችሁ ሰንጥቁና ነጭ ወረቀት ላይ አራግፉት። እንደ ክር የቀጠኑ፣ ቢጫ ነገር የሚንቀሳቀሱ ከታዩ ትሪፕስ የሚባል ጥቃቅን ተባይ ነው። የወደቁትን እንቡጦች ለቅማችሁ ከግቢ አውጡ፤ እዚያው ከተዋችኋቸው ተባዩ ተመልሶ ይወጣል።

የባሕር ዳር ሰው ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅ የሚገባው ግን ክረምቱን ነው። ብዙ ግቢ ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ውኃ ይዞ ቁጭ ይላል። ሂቢስከስ ውኃ ይወዳል፤ ሥሩ ውኃ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ይታፈንና ይበሰብሳል። ያኔ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ሰው «ጠምቶት ነው» ብሎ ይጨምርለታል፣ አለቀ! ዋልካ ላይ የምትተክሉ መደቡን ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ አድርጉት፤ ብስባሽና አሸዋም ቀላቅሉበት። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ጥቂት ቅጠል ቢጫ ሆኖ ቢረግፍ ግን አትደንግጡ፤ ውኃውን ብቻ ቀንሱለት።

መቀስ ላይም እንነጋገር። ሂቢስከስ የሚያብበው በአዲስ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው። ክፉኛ ከተከረከመ ተመልሶ እስኪያብብ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። ለጥር ሠርግ ግቢው እንዲያምር ብሎ ኅዳር ላይ አጥሩን የሚያስተካክል ሰው ሙሽሮቹን የሚቀበለው በቅጠል ብቻ ነው።

ከባሚያ አጠገብ ባትተክሉት ይሻላል። ባሚያም ጥጥም የሂቢስከስ ዘመዶች ናቸው፤ ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) እና ነጭ ዝንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ክሽክሹ ጥቂት ከሆነ ለዘብ ባለ የሳሙና ውኃ የቅጠሉን የታችኛውን ገጽ ማጠብ ይበቃል።

«ሐይቁ ዳር የተከመረውን እምቦጭ ብስባሽ ብናደርገውስ?» የምትሉን አላችሁ። እኛ አንጠቀምበትም። ዘሩ ለዓመታት ሳይበቅል መቆየት ይችላል፤ በጎርፍ ተመልሶ ጣና ቢገባ የማን ያለህ ይባላል? የከብት ፍግ በደንብ ከበሰበሰ ይበቃል።

የዋጋው ልዩነትም ያስገርማችኋል። ነጠላው ቀይ ከቅርንጫፍ ይበቅላል። ስንዝር የማይሞላ ቁራጭ ጥላ ሥር ተክለን፣ እርጥበቱን ጠብቀን ሥር እንዲይዝ እናደርጋለን። ትልልቅ አበባ ያላቸው ዲቃላዎች ግን ብዙዎቹ በራሳቸው ሥር ደካማ ስለሆኑ ቁራጫቸው ሥሩ በጠነከረ ሌላ ሂቢስከስ ግንድ ላይ ይጣበቃል። ልፋቱ ሌላ ነው። ለአጥር ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ ቀዩን ውሰዱ።

አበባውን አፍልታችሁ ለመጠጣት የጠየቃችሁን፦ ገበያ ላይ ያለው ከርከዴ የሌላ ዝርያ ነው። የሚደርቀውም አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚቀረው ቀዩ ሽፋን ነው። የከርከዴ ዘር ለምትፈልጉ ለብቻው እናዘጋጃለን።

ከእንግዲህ ችግር ሲገጥማችሁ ችግኙን ነቅላችሁ አትምጡ። አንድ ቢጫ ቅጠልና ሁለት የወደቁ እንቡጦች በላስቲክ ይዛችሁ ብትመጡ ወይም ፎቶ ብትልኩልን በቂ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የችግኝ ቤቱ ባልደረቦች
ባሕር ዳር